የአባቶቻችን መቃብር ወዴት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አባታችን ያዕቆብ በግብፅ ምድር ሊያርፍ ሲል ለልጆቹ የሰጠው የመጨረሻ አደራ ስለ መቃብሩ ነበር። ዋሻው በየት እንዳለ፣ ከማን እንደ ተገዛ፣ በውስጡም እነማን እንደ ተቀበሩ አንድ በአንድ ቆጠረላቸው (ዘፍ. 49፥29-32)። አብርሃምም ያን ቦታ የገዛው እንዲያው በቃል ሳይሆን 400 ሰቅል ብር መዝኖ፣ በከተማው በር ሕዝብ እየሰማ ነው (ዘፍ. 23፥16-18)። እኛስ? ብዙዎቻችን የአያታችንን ስም እንጂ ያረፉበትን አጥቢያ እንኳ በውል አናውቅም።

በዲላና በጌዴኦ አካባቢ ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት አለ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከሸዋና ከሌላውም አገር ለውትድርና፣ ኋላም ለቡና ንግድ የመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ከአገሬው ተጠምቆ በአጥቢያው ያረፈውም እንዲሁ። በዚህ ዝናብ በማያጣው ምድር የእንጨት መስቀል ዕድሜው አጭር ነው። የጭቃው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በድንጋይና በብሎኬት ሲሠራ፣ አጥሩም ሲሰፋ ምልክት የሌለው መቃብር ይጠፋል። በቱቱ ፈላና በቱቱቲ የቆሙት ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች የሙታን መታሰቢያ እንደሆኑ ይታመናል፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድንጋዩ ጸንቶ ቆሟል፤ ስም ግን አልተጻፈበትም። ስሙን የምናገኘው ከሰውና ከመዝገብ ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ከክርስትና ስም ነው። ብዙ ሰው ቤተ ክህነት ሄዶ አያቱን በዓለም ስማቸው ይጠይቅና "እንዲህ የሚባል የለም" ተብሎ ይመለሳል። ጸሎተ ፍትሐት የሚደረሰው በክርስትና ስም ነው፤ በመጻሕፍት ባዶ ገጽ ለመታሰቢያ የተጻፈውም ገብረ ማርያም፣ ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ኪዳን የሚለው ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ በቤት ያሉትን አረጋውያን ጠይቁ። የክርስትናውን ስም ቢረሱት የንስሐ አባታቸው ማን እንደ ነበሩ፣ በየትኛው የጽዋ ማኅበር እንደ ነበሩ ያስታውሳሉ። ይህ ነገ የሚባል ሥራ አይደለም፤ የሚያውቁት እናቶች በየዓመቱ እያረፉብን ነውና።

ቀጥሎ ዘመኑ ነው። አረጋውያን ዓመተ ምሕረት አይቆጥሩም፤ "ጠላት ከወጣ በኋላ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በኅዳር ሚካኤል ነው ያረፉት" ይሉናል። ይህን የልጅ ጨዋታ አድርጎ ማለፍ አይገባም፤ ከብዙ ወረቀት የበለጠ ትክክለኛ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ጠላት የወጣው በ1933 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት የመጀመሪያዎቹ የሉቃስ ዘመናት 1935፣ 1939 እና 1943 ናቸው። ኅዳር ሚካኤል ኅዳር 12 ነው። እነሆ፣ ፍለጋው ከሃያና ሠላሳ ዓመት ወደ ሦስት ቀን ወረደ!

መዝገቡስ የት ይገኛል? የሰበካ ጉባኤ ደንብ ቃለ ዓዋዲ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ የአባላት መዝገብ የሚፈለገውም ከዚያ ወዲህ ላረፉት ነው። ከዚያ በፊት ላረፉት ስንክሳሩ፣ ተአምረ ማርያሙ፣ ግብረ ሕማማቱ በኅዳጉና በባዶ ገጹ መጽሐፉን የሰጠውን ሰው ስም፣ ዝክሩንም ይዞ ይገኛል። የእድር ደብተርን አትናቁ፤ ለቀብር ገንዘብ የወጣበት ቀን ተጽፎበታልና። የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ለአያቶቻችን አይደርስም። በቀድሞ ወረቀት ላይ ጌዴኦ የሚለውን ብቻ የፈለገ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዘመን አውራጃው "ደራሳ" ተብሎ ይጻፍ ነበር።

ወደ አጥቢያው ስትሄዱ አስተዳዳሪውን አስፈቅዳችሁ፣ ቄሰ ገበዙ ራሳቸው መጽሐፉን እንዲገልጡላችሁ ጠይቁ፤ ንዋየ ቅድሳትን በገዛ እጅ ማገላበጥ ነውር ነው። አሁን ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው፤ ቅዳሴ የሚወጣው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ካህናቱን በአገልግሎት ሰዓት አታስቸግሩ።

ቃለ ዓዋዲ የወጣው በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ነበር። የምእመናን ስም በመዝገብ እንዲያዝ ሥርዓት የሠሩት እኒህ አባት በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገድለው የተቀበሩበት ሳይነገር ቀረ። ዐፅማቸው ተገኝቶ በአዲስ አበባ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ መቃብራቸው አልታወቀም፤ ጸሎቱ ግን አልተቋረጠም። የሙሴንም መቃብር ማንም አያውቅም (ዘዳ. 34፥6)።

ስለዚህ ቦታው ቢገኝ ያለ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ አፈር አይነካም፣ ዐፅም አይነሣም፤ ምልክት አቁሞ በአጥቢያው መዝገብ ማስጻፍ ይበቃል። ባይገኝም የክርስትና ስሙ ተገኝቷልና ለካህኑ ስጡት። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ጸሎተ ፍትሐት በጉባኤ ይደረሳል፤ እስከዚያ ያሉትን ሳምንታት አረጋውያኑን ለመጠየቅ ተጠቀሙባቸው፤ የራሳችሁንም የክርስትና ስም ለልጆቻችሁ በደብተር ጻፉላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።