ጀማሪው ዓሣ አስጋሪ ምን ይማራል? የጣና ሐይቅ የመረብ ሥራ ከቱና የዘንግ አጠማመድ አንጻር

ስለ ጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት የተደረጉት ጥናቶች ትኩረታቸው በአብዛኛው በዓሣው ላይ ነው። የዝርያው ዐይነት፣ የዕድገቱ ፍጥነት፣ ዕንቁላል የሚጥልበት ወንዝ፣ በየዓመቱ ከሐይቁ የሚወጣው መጠን በተደጋጋሚ ተመርምሯል። ዓሣውን የሚያወጣው ሰው ሙያውን ከማን፣ በምን ሁኔታና በምን ቅደም ተከተል እንደሚማረው ግን ያን ያህል ትኩረት አላገኘም። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ጉዳይ አንድ ነው። የትኛው ዓሣ ይውጣ፣ የትኛው ይቅር የሚለው ውሳኔ በአጥማጁ እጅ ላይ ነው ወይስ በመሣሪያው ላይ? መልሱ ጀማሪው ሊማረው የሚገባውን ነገር ይወስናል። መሣሪያው ሲለወጥ ትምህርቱ አብሮ ካልተለወጠ ጉድለቱ በዓሣው ላይ ይታያል። በጣና የሆነውም ይኸው ይመስላል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ፣ ነገር ግን እጅግ ጥልቅ ያልሆነ ሐይቅ ነው፤ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ደቡባዊና ምዕራባዊ ዳርቻው የጎጃም ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ የጎጃምን ደጋ ውኃ ሰብስቦ ወደ ሐይቁ ያስገባል። ለገበያ የሚቀርቡት ዓሦች በዋናነት ሦስት ወገን ናቸው፤ ቀረሶ፣ አምባዛና በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባለው የላቤዎባርበስ ወገን። ነጭ ዓሣ በገበያ አንድ ስም ይኑረው እንጂ በሳይንሱ 15 የሚሆኑ፣ ከጣና ሌላ የትም የማይገኙ ዝርያዎችን ያቀፈ ነው። ከነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ በልተው የሚኖሩ መሆናቸው የካርፕ ዘመዶች ለሆኑ ጥርስ አልባ ዓሦች እንግዳ ነገር ነው። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ ይገኝ የነበረው ተመሳሳይ የዝርያዎች ስብስብ ከጠፋ ወዲህ የጣናው በዓለም ላይ ብቸኛው እንደ ሆነ ይነገራል። ስለዚህ በባሕር ዳር ወደብ አንድ ወጣት ጀልባ ላይ ሲወጣ የሚማረው ወይም የማይማረው ነገር የአንድ ቤተሰብ የእንጀራ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ነገሩን ለማየት ከጣና እጅግ የራቀ፣ ነገር ግን የሥልጠናውን ጥያቄ አጉልቶ የሚያሳይ አንድ የማጥመጃ ዘዴ ማንሣት ይጠቅማል። በሕንድ ውቅያኖስ፣ በተለይ በማልዲቭስ ደሴቶች፣ ቱና ለዘመናት ሲጠመድ የኖረው በዘንግና በመስመር ነው። ሥራው የሚጀምረው ቱናውን በመፈለግ ሳይሆን ትናንሽ ዓሦችን ከኮራል አለቱ አጠገብ በመረብ አውጥቶ በጀልባው ሆድ ውስጥ ውኃ እየተለዋወጠላቸው በሕይወት በማቆየት ነው። የቱናው መንጋ ሲገኝ አንዱ ሠራተኛ እነዚህን ትናንሽ ዓሦች በልክ በልኩ ይበትናል፤ ከጀልባው ጎን ውኃ እየተረጨ የባሕሩ ገጽ ይረበሻል፤ አጥማጆቹ በጀልባው ዳር ተደርድረው ዘንጋቸውን ይዘረጋሉ። መንጠቆው ወደ ኋላ የሚመልስ ሹል የለውም። ስለዚህ ዓሣው ከውኃ ተስፈንጥሮ ሲወጣ አጥማጁ ክሩን በትክክለኛው ቅጽበት ካላላው በራሱ ተላቆ ጀልባው ወለል ላይ ይወድቃል፤ አጥማጁም ጊዜ ሳያጠፋ ዘንጉን መልሶ ይጥላል። ዓሣው ትልቅ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ዘንግ በአንድ መንጠቆ ላይ ይታሰርና ሰዎቹ እኩል ተነሥተው እኩል ያወጣሉ።

በዚህ ሥራ ላይ አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ዘንግ መያዝ አይደለም። ማባበያውን ሳይገድል መቅዳት፣ ከበዛ መንጋው ጠግቦ እንደሚሄድ፣ ካነሰ እንደሚበተን አውቆ መበተን፣ በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ መቆም፣ ከጎኑ ያለውን ሰው መንጠቆ መጠንቀቅ ይቀድማል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ስለዚህ ዘዴ ራሱን የቻለ መመሪያ አሳትሟል፤ ይሁንና ክሩ የሚላላበት ቅጽበት በወረቀት የሚሰጥ ዕውቀት አይደለም። ጊስሊ ፓልሶን ስለ አይስላንድ ዓሣ አስጋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረበው ጽሑፍ ሙያ በአእምሮ የሚጫን መረጃ ሳይሆን ሰውነት ከባሕሩ ጋር የሚዋሐድበት ሂደት መሆኑን ያስረዳው በባሕር ማጥወልወል ምሳሌ ነው፤ ጀማሪው ማጥወልወሉ ሲተወው ነው ሥራውን ማየት የሚጀምረው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። በዘንግ አጠማመድ እያንዳንዱ ዓሣ አንድ በአንድ በሰው እጅ ያልፋል። መምረጥ የሙያው አካል ነው፤ ሙያውን የተማረ ሰው መምረጥንም አብሮ ተምሯል።

ወደ ጣና ስንመለስ ለዚህ የሚቀርበው የታንኳው ሥራ ነው። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ውኃ እየጠጣ የሚከብድ፣ በጥቂት ወራት የሚያረጅ፣ ከዳርቻው ብዙ የማይርቅ ጀልባ ነው። በታንኳ የሚሠራው ሰው በመንጠቆ፣ በወጥመድና በትንሽ መረብ በአመዛኙ ቀረሶን ያጠምዳል። የሚደርስበት ቦታ ውስን በመሆኑ የሚማረው ያችኑ ቦታ አጥብቆ ነው፤ የደንገሉን ጥግ፣ የነፋሱን ሰዓት፣ የቀረሶውን መዋያ። የዚህ ዕውቀት ባለቤቶች በዋናነት ወይጦዎች ናቸው። የደገኛው ገበሬ ወይጦን በማግለሉ ዓሣ ማጥመድን እንደ ትውልድ ዕጣ እንጂ እንደ ሙያ ሳይቆጥረው ኖሯል። ውጤቱ በሥልጠናው ላይ ቀጥተኛ ነው። ከትውልዱ ውጪ የሆነ ሰው ሊማረው አይፈልግም፤ ሊያስተምር የሚችለውንም መምህር ብሎ የሚጠራው የለም። ዘመናዊው የዓሣ ሥራ ሲመጣ ከታንኳው ዕውቀት ብዙም ሳይወስድ አጠገቡ የቆመው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስላል፤ ይህም ከቴክኒክ ጉድለት ይልቅ የማኅበራዊ ንቀት ዋጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ከኔዘርላንድስ በተገኘ ድጋፍ ባለ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገባ። በዚህ ሥራ ዋናው መሣሪያ ጊልኔት የሚባለው፣ ዓሣው ሊያልፍ ሲሞክር በስንጥቡ ተይዞ የሚቀርበት መረብ ነው። ማታ ተዘርግቶ ያድራል፤ ጠዋት ይሰበሰባል። ሞተሩ ለዘመናት ያልተደፈረውን የሐይቁን መካከልና ሩቅ የወንዝ መግቢያዎችን ከፈተ። በታንኳ ላይ ተሠርቶ የማያውቅ ሰውም በአጭር ጊዜ ዓሣ አስጋሪ ለመሆን ቻለ። ይህ ለብዙ ወጣት የሥራ በር መሆኑ ሊካድ አይገባም።

በዚህ ጀልባ ላይ ጀማሪው የሚማረው ነገር ምንድን ነው? መረቡን ሳያወሳስብ መዘርጋት፣ ቡሹንና ክብደቱን ማስተካከል፣ ጠዋት እየጎተተ ዓሣውን ሳይቀደድ ማላቀቅ፣ የተቀደደውን መረብ መጠገን፣ ሞተሩን መንከባከብ። ሁሉም እውነተኛ ሙያዎች ናቸው። ሆኖም ሁሉም የሚመጡት ምርጫው ካለቀ በኋላ ነው። የትኛው ዓሣ እንደሚያዝ የሚወስነው የመረቡ ዐይን ስፋት ነው፤ ስፋቱን የወሰነው ደግሞ መረቡን የገዛው ሰው ነው። የት እንደሚዘረጋ የሚወስነው የጀልባው መሪ ነው። ዣን ሌቭና ኤቲየን ዌንገር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ የሱፐርማርኬት ሥጋ ቆራጮችን ምሳሌ ያነሣሉ። ተለማማጆቹ ሥጋ መጠቅለያው ማሽን ዘንድ ተመድበው ባለሙያዎቹ ሲቆርጡ ማየት ስለማይችሉ ዋናውን ሙያ ሳይማሩ ይቆያሉ። መረብ ጎታቹ ወጣትም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ጀልባው ላይ አለ፣ ውሳኔው ዘንድ ግን የለም።

የመረብ ዐይን መጠንን ይለያል፤ ወቅትንና ቦታን አይለይም። ነጭ ዓሣን የጎዳው በትክክል ይህ ነው። ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ በክረምት፣ በተለይ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ዕንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይና ወደ መሰሎቻቸው ወንዞች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ መግቢያ ይሰበሰባሉ። ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ ለመራባት የሚደርሱትም ዘግይተው ነው። በዚያ ሰሞን በወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ፣ ዐይኑ የቱንም ያህል ሰፊና ሕጋዊ ቢሆን፣ የሚይዘው ዕንቁላል ያዘሉትን ትልልቆቹን ነው። ቀረሶ በአንጻሩ ዕንቁላሉን በሐይቁ ውስጥ ጥሎ እናቲቱ በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ አይታፈስም። ዴ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ጥናት በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 መካከል የወንዝ ወጪዎቹ ነጭ ዓሦች ብዛት በ75 ከመቶ፣ የልጅ ዓሦቹ ደግሞ በ90 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ሁለተኛው አኃዝ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስደነግጣል፤ የጠፋው የተያዘው ዓሣ ብቻ ሳይሆን ሊወለድ የነበረውም መሆኑን ይናገራልና።

ከሥልጠና አንጻር የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው። በወንዝ አፍ የተገኘች ያች የነሐሴ ሌሊት ለጀማሪው የዓመቱ ምርጥ ሌሊት ናት። መረቡ ይከብዳል፤ መሪው ይመሰገናል፤ ወጣቱ «ሙያ ማለት ይህ ነው» ብሎ ይማራል። ገበያውም ያበረታታዋል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ በጾም ወራት ዓሣ የሚፈልግ ከተሜ ጥቂት አይደለም፤ ጾመ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ድረስ ነው፤ ከዓሣው ጉዞ ጋር ይገጥማል። እንግዲህ ሙያው፣ ምስጋናውና ገበያው በአንድነት የሚያስተምሩትን ነገር አንድ የክልከላ ወረቀት ብቻውን ሊያስረሳ አይችልም።

ክልከላው አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 315/1995 መሣሪያን፣ ቦታንና ወቅትን ለመገደብ መሠረት ጥሏል፤ የአማራ ክልልም የራሱን ሕግ አውጥቷል። ጉድለቱ ሕጉ ለዓሣ አስጋሪው የሚደርሰው ከሙያው ውጪ፣ በተቆጣጣሪ አፍ መሆኑ ነው። የማልዲቭሱ ጀማሪ ማባበያ ማብዛት ስሕተት መሆኑን የሚማረው ቅጣት ፈርቶ ሳይሆን አበላሽቶ፣ በጓደኞቹ ፊት አፍሮ ነው። በጣና የወንዝ አፍን በነሐሴ መተው የብልህ አጥማጅ መለያ ሆኖ በጀልባው ላይ ካልተሰጠ የሚታየው እንደ ኪሳራ ብቻ ነው።

ይህን ወደ ተግባር መመለስ ከባድ የሚያደርጉት ነገሮች አሉ፤ ዋናው የክፍያው ሁኔታ ነው። ነዳጅ የሚገዛው ከሚያዘው ዓሣ ነው፤ ባዶ የተመለሰ ጀልባ ዕዳ ይዞ ይመለሳል። ቢሆንም ዛሬውኑ ሊለወጥ የሚችል ነገር አለ። ጀማሪው በመጀመሪያው ክረምቱ መረብ ከመጎተት ሌላ የተያዘውን ዓሣ እየከፈቱ ዕንቁላል ያዘለውን ካላዘለው እንዲለይ፣ የተያዘበትን ቦታና ቀን ለመሪው እንዲናገር ቢደረግ፣ ውሳኔው ከሚሰጥበት ቦታ አንድ እርምጃ ይቀርባል። በባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ዩኒቨርሲቲውም የዓሣ ትምህርት ይሰጣል። ተመራማሪው በቤተ ሙከራ የሚመዘግበውን ያንኑ ነገር ወጣቱ በጀልባ ላይ በእጁ ሊያውቀው ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ቢላዋና የሚያሳይ ሰው ነው።

ጊዜው ግን በዚህ አቅጣጫ እየሄደ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ከነጠላ ክር የተሠራ፣ ሞኖፊላመንት የሚባል ስስ መረብ በሐይቁ ተስፋፍቷል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በውኃ ውስጥ አይታይም፤ ሲቀደድ ይጣላል እንጂ አይጠገንም። ስለ ጉዳቱ ሲነገር የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ የዐይኑ ጥበት ነው። ከሥልጠና አንጻር ሲታይ ሌላም ነገር ይዞ ይሄዳል። የናይሎኑ መረብ ከሰዓት በኋላ በዳርቻው ተዘርግቶ ሲጠገን ጀማሪው ከአሮጌዎቹ አጠገብ ለሰዓታት መቀመጥ ግድ ነበረበት፤ የት እንደ ተዘረጋ፣ ለምን እንደ ተቀደደ፣ ያ ወንዝ በየትኛው ወር ምን እንደሚያወጣ የሚወራው በዚያ ነው። የማይጠገን መረብ የገዛ ሰው መጠገን የሚያስተምረው አያሻውም፤ አጠገቡ የሚቀመጥም የለም።