ዮርዳኖስን መሻገር

ሙሴ ካረፈ በኋላ እስራኤል በኢያሱ መሪነት ወደ ዮርዳኖስ ዳር ቀርበው ሰፈሩ። ወራቱ የመከር ወራት ነበረና ወንዙ ዳርቻውን ሁሉ ሞልቶ ይፈስ ነበር። ባልሄዱበት መንገድ ሊሄዱ ስለ ሆነ፥ ከታቦቱ 2000 ክንድ ያህል ርቀው እንዲከተሉ ታዘዙ።

በዚህ ስፍራ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። በባሕረ ኤርትራ አስቀድሞ ባሕሩ ተከፈለ፤ ሕዝቡም ደረቁን ምድር አይተው ገቡ። በዮርዳኖስ ግን ታቦቱን የተሸከሙት ካህናት እግራቸውን በሞላው ውኃ እስኪያገቡ ድረስ ወንዙ አልቆመም (ኢያሱ 3፥15-16)። እግዚአብሔር ከግብፅ ገና የወጣውን ሕዝብ እንደ ሕፃን በማሳየት መራው፤ 40 ዘመን ካስተማረው በኋላ ግን በቃሉ ብቻ ታምኖ ይራመድ ዘንድ ፈቀደ።

ይህም ሲባል እምነት ጥንቃቄን ይሽራል ማለት አይደለም። ኢያሱ ስንቅ አስዘጋጀ፤ ሁለት ሰላዮችንም ወደ ኢያሪኮ ላከ። ወንዙን ማቆም ግን የሰው ሥራ አልነበረምና ለእግዚአብሔር ተወው።

በእኛ ዘንድ ግን ጋብቻ ሲታሰብ፥ ቤት ሲሠራ፥ ንግድ ሲጀመር ወይም ወደ ሩቅ አገር ሲኬድ፥ በጸሎት ፈንታ ኮከብ የሚያስቆጥርና ቀን የሚያስመርጥ አይታጣም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ ማታ የጠንቋይ ደጅ የሚጠና ሰው ልቡ የተከፈለ ነው። ሕገ ኦሪት ይህን አጥብቆ ከልክሏል (ዘዳግም 18፥10-12)፤ የነገን ምሥጢር አስቀድሞ ለማወቅ መሻት ያለ እምነት ለመሻገር መሻት ነውና።

ካህናት አባቶችና ወንድሞች ሆይ፥ በዚያ ቀን አስቀድሞ የረጠበው የካህናቱ እግር ነው። ሕዝቡ ሁሉ እስኪሻገር ድረስ በወንዙ መካከል ቆመው የቆዩትም እነርሱ ናቸው። ጥር 10 ቀን ታቦቱን አክብረን ወደ ጥምቀተ ባሕር ስንወርድ ይህን እናስብ። እኛ በዳር ቆመን ምእመናንን «ተሻገሩ» ብንል ማን ይሰማናል?

ሕዝቡ ተሻግረው የምድሪቱን ፍሬ በበሉ ማግሥት መናው ቀረ (ኢያሱ 5፥12)። እንግዲህ በአዲስ ኑሮ የቀድሞው ረድኤት መልኩ ቢለወጥ፥ እግዚአብሔር ተወን አንበል፤ በምድረ በዳ በመና የመገበ፥ በከነዓንም በእህል የመገበ አንድ እርሱ ነው። ከዮርዳኖስ መካከል 12 ድንጋዮች አንሥተው በጌልገላ ያቆሙት ለልጆቻቸው ምስክር እንዲሆን ነበረ፤ እኛም ያሻገረንን አምላክ ለልጆቻችን እንንገር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።