የፊት ሞላ እንዴት ይመረጣል?

በካርቲየ 1 የመኪና ጥገና ሙያ የምትማሩ ወገኖቻችን ስለ ሞላ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል፡፡ ብዙ ከባድ የጭነት መኪናዎች ከፊትም ከኋላም የሚቆሙት በባሌስትራ ነው፡፡ ቶዮታ ግን በላንድ ክሩዘር ፒካፕ ላይ የፊቱን ባሌስትራ በ1999 እ.ኤ.አ. በሞላ ተክቶታል፡፡

የሞላ ቁመትና የሞላ ጥንካሬ የተለያዩ ናቸው፡፡ ረጅም የሆነ ሁሉ ጭነት አይችልም፡፡ ስለዚህ በመጀመሪያ ከፊት ሁልጊዜ የሚኖረውን ተጨማሪ ክብደት እናሰላለን፡፡ ለምሳሌ የብረት ፓራውልትና ዊንች 120 ኪሎ ጫና ቢጨምሩ፣ ለእያንዳንዱ ሞላ 60 ኪሎ ይደርሰዋል፡፡ ሞላው በየ30 ኪሎው 1 ሳንቲ ሜትር የሚታመቅ ከሆነ ፊቱ 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፡፡ እንግዲህ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለማግኘት፣ ያለዚህ ክብደት 6 የሚያነሳ ሞላ ያስፈልጋል፡፡

ጥንካሬን በጣም የሚለውጠው የብረቱ ውፍረት ነው፡፡ ከ14 ወደ 15 ሚሊ ሜትር ቢያድግ፣ ሌላው ሳይለወጥ፣ ጥንካሬው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል፡፡ ክብደት የሌለበት መኪና ላይ ይህ ጉዳት አለው፤ በኮረኮንች ላይ ጎማው ይዘላል፣ ፍሬኑም በደንብ አይዝም፡፡

መኪናው ከመጠን በላይ ከፍ ሲል መሪው ወደ መሀል የመመለስ ኃይሉ ይቀንሳል፤ አሞርዛተሩና የፍሬን ጎማ ቱቦው ያጥራሉ፡፡ በጋላፊ መንገድ ላይ ይህ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፡፡ ደንበኛው «ከፍ አድርጉልኝ» ሲል፣ አስቀድመን «ምን ይጭናሉ?» ብለን እንጠይቀው፡፡

መልመጃ፡- ጫናው 180 ኪሎ ቢሆን ፊቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል?