የተሰራጨ የጡት ካንሰር፦ አንድ መድኃኒት ወይስ ሁለት?



ሕሙማንን ስንዘይር እናቶቻቸውን ከሚያስታምሙ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመን ሰምተናል፦ «ለሌላዋ ሁለት ዓይነት ኬሞ ሰጧት፤ ለእናታችን ግን አንድ ብቻ። ድሆች ስለሆንን ይሆን?» ጥርጣሬው ሕክምና እስከ ማቋረጥ ያደርሳል። ስለዚህ ነገሩን አብረን እንማረው።

1. ለምን ይደባለቃል? የካንሰር ሴሎች ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱን መድኃኒት የተቋቋመውን ሌላው ሊገድለው ይችላል። ዶክሶሩቢሲን የሴሉን ዲኤንኤ ይጎዳል፤ ፓክሊታክሴል ደግሞ ሴሉ ለሁለት እንዳይከፈል ያግደዋል።

2. ለምን አንዳንዴ አይደባለቅም? ጉዳቱም ስለሚደራረብ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ሲያንሱ ቀላል ኢንፌክሽን ለሞት ያሰጋል። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት እነዚህኑ ሁለት መድኃኒቶች በ739 የተሰራጨ ካንሰር ባለባቸው ሴቶች ላይ አነጻጽሯል። ሁለቱን አብረው ከወሰዱት 47 ከመቶ፣ ዶክሶሩቢሲን ብቻ ከጀመሩት 36 ከመቶ፣ ፓክሊታክሴል ብቻ ከጀመሩት 34 ከመቶ ካንሰሩ በግልጽ ቀንሶላቸዋል። በአንዱ የጀመሩት ሕመሙ ሲብስ ወደ ሌላው ይሸጋገሩ ነበር። በመጨረሻ ግን በሕይወት በመቆየት ረገድ ድብልቁ ብልጫ አላሳየም።

ስለዚህ ካንሰሩ ጉበትን ወይም ሳንባን በፍጥነት እያጠቃ ከሆነና አቅሟ ከፈቀደ ሐኪሙ ድብልቁን ሊመርጥ ይችላል። ካልሆነ አንድ በአንድ፣ በተራ መስጠት የተለመደ ነው። በዚህ ደረጃ የሕክምናው ዓላማ ዕድሜን ማራዘምና ሥቃይን ማቅለል ነው። አንድ መድኃኒት ማዘዝ በራሱ ችላ ማለት አይደለም።

3. ከእኛ ምን ይጠበቃል? ሐኪሙን «ለምን ይህን መረጡ?» ብለን በአክብሮት እንጠይቅ። ኬሞ የወሰደች እናት ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እናድርሳት። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ ባህላዊ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ለሐኪሟ እንንገር። በረመዷን ጾም ከከበዳት ሱረቱል በቀራ 185 ለታመመ ሰው የሰጠውን ፈቃድ እናስታውሳት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል። ዱዓና ሩቅያ አይቅሩ፤ ሰበብን ማድረስ ግን ከተወኩል ጋር አይጋጭም። ዕድሜ በአላህ እጅ ነው፤ ቀጠሮውን ማክበር ግን የእኛ ድርሻ ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን!