ታሪክ ተለወጠ ወይስ ሰው? የጊዜ ጉዞ ፍጻሜ ክርክርና የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»

1. መግቢያ

በጊዜ ጉዞ ላይ የተመሠረተ ተከታታይ ድራማ የምዕራፍ መዝጊያ ክፍሉን ሲያቀርብ ተመልካቾቹ ብዙውን ጊዜ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ያለፈው አንድ ጊዜ ሆኗል፤ ተጓዡ የሚያደርገውም ሁሉ ቀድሞውኑ የታሪኩ አካል ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ተጓዡ ያለፈውን ሊለውጥና ሌላ ዛሬ ሊፈጥር እንደሚችል ይሞግታል። «ሎስት» የተባለው የአሜሪካ ድራማ 5ኛ ምዕራፍ መዝጊያ ለዚህ ጉልህ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 በቀረበው በዚህ ክፍል ወደ 1977 የተመለሱት ገጸ ባሕርያት ወደፊት የሚደርስባቸውን መከራ ለማስቀረት የሃይድሮጂን ቦምብ ለማፈንዳት ይነሣሉ፤ በመጨረሻም ስክሪኑ ነጭ ይሆንና ክፍሉ ያበቃል። ቦምቡ ታሪክን ለወጠ ወይስ ሊያስቀረው የታሰበውን አደጋ ራሱ አመጣው? ቀጣዩ ምዕራፍ በ2010 እስኪጀምር ድረስ ተመልካቾች በዚህ ጥያቄ ሲከራከሩ ቆይተዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተመሳሳዩን ጥያቄ በኢትዮጵያዊው የፊልም ባለሙያ በኃይሌ ገሪማ ሥራ፣ በ«ሳንኮፋ» (1993) ላይ ማንሣት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ፊልሙ በጊዜ ጉዞ ሕግ ብቻ ሲነበብ ዋና ጉዳዩ ይሰወራል የሚል ነው። የፊልሙ ፍጻሜ የሚጠይቀው ታሪክ መለወጡን ሳይሆን ተመላሿ መለወጧን ነውና።

2. ፊልሙና ፍጻሜው

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር ተወለደ፤ በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ፤ ከ1975 ጀምሮም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። «ሳንኮፋ» በጋና አካን ሕዝብ ቋንቋ «ተመለስና ውሰድ» የሚል ትርጉም የሚሰጠው ቃል ሲሆን፣ ወደ ኋላዋ ዞራ በምትመለከት ወፍ ምስል ይወከላል።

የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሞና ጥቁር አሜሪካዊት የፋሽን ሞዴል ናት። በጋና ኬፕ ኮስት በሚገኘው የቀድሞ የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ስትነሣ አንድ ከበሮ መቺ ሽማግሌ ይገሥጻታል። ወደ ምሽጉ ምድር ቤት ስትገባም በሰንሰለት በታሰሩ ሰዎች መካከል ራሷን ታገኘዋለች። አፍሪካዊት አለመሆኗን እየጮኸች ብትናገርም ባሪያ ፈንጋዮቹ ይዘው በጋለ ብረት ይተኩሷታል። ቀጥሎ የምትታየው ሾላ በተባለች ባሪያ ሆና፣ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤት ቤት ስታገለግል ነው። ከስቃይና ከዐመፅ በኋላ አሞራ ወደ አገሯ እንደ መለሳት ይተረካል። ሞና ከምሽጉ ስትወጣ ፎቶ አንሺውን አልፋ፣ ባሕሩን እያዩ ከበሮውን ከሚያዳምጡት ሰዎች መካከል ትቀመጣለች።

3. ጉዞ ወይስ መያዝ?

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የጊዜ ጉዞ ተብሎ ይገለጻል። ለዚህ ንባብ ዋናው ማስረጃ የምድር ቤቱ ትዕይንት ነው፤ በዚያ የምትያዘውና የምትተኮሰው ሞና ራሷ ናትና። ይሁን እንጂ እርሻው ላይ ከተደረሰ በኋላ ማስረጃው ይሳሳል። ሾላ ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የምታስታውሰው ነገር የለም። የሕይወት ታሪኳን የምትተርከውም እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደዚያው ዘመን ሰው ነው።

ልዩነቱ ከኦክታቪያ በትለር ልብ ወለድ ከ«ኪንድረድ» (1979) ጋር ሲነጻጸር ጎልቶ ይታያል። የዚያ ታሪክ ባለቤት ዴና እ.ኤ.አ. ከ1976 ካሊፎርኒያ ወደ ባርነት ዘመን ሜሪላንድ ስትወሰድ ማንነቷን፣ ትዝታዋንና የራሷን ዘመን ዕውቀት ይዛ ነው። ቅድመ አያቷ የሆነውን ነጭ ከሞት ካላዳነችው እርሷ ራሷ አትወለድም። ስለዚህ ታሪክ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም የሚለው ጥያቄ የድርሰቱ ሞተር ነው። «ሳንኮፋ» ግን እንዲህ ዓይነት ሞተር የለውም፤ ሾላ የምታስቀረው ወይም የምትጠብቀው የታወቀ ወደፊት የላትም።

ለዚህ ሁኔታ የሚቀርበው ማስረጃ ከበሮው ነው። ፊልሙ የሚከፈተው የሙታንን መንፈስ በሚጠራ ከበሮና ጥሪ ነው። የዛርን ሥርዓት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ እንግዳ አይሆንም። በዛር አነጋገር የተያዘው ሰው የመንፈሱ «ፈረስ» ይባላል፤ የሚናገረውም ፈረሱ ሳይሆን የሰፈረበት ነው። በዚህ መነጽር ሲታይ ሞና ወደ ሾላ ዘመን አልሄደችም፤ የሾላ ዘመን በሞና ላይ ሰፈረ እንጂ። ንጽጽሩ የንባብ መሣሪያ እንጂ የአካንና የኢትዮጵያ ሥርዓቶች አንድ ናቸው የሚል ድምዳሜ አይደለም።

4. አንድ ተቃውሞ

በዚህ ንባብ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የፍጻሜው ጉዳይ የአንዲት ሴት ለውጥ ብቻ ከሆነ፣ የሚሊዮኖች መከራ ለግለሰብ ፈውስ መጠቀሚያ አይሆንም ወይ? መልሱ በመጨረሻው ምስል ውስጥ ይገኛል። ሞና ወደ ቀድሞ ሥራዋ ብቻዋን አትመለስም፤ ቀድመዋት ከተቀመጡት ጋር ትደባለቃለች። ለውጧ የሚለካው በተሰማት ስሜት ሳይሆን በተቀመጠችበት ቦታ ነው።

የፊልሙ ሥርጭትም ይህንኑ ያጠናክራል። አከፋፋይ ድርጅቶች ፊቱን ባዞሩበት ጊዜ ኃይሌ ገሪማ ሲኒማ ቤቶችን ራሱ እየተከራየ በየከተማው ለጥቁር ማኅበረሰብ አሳይቷል። በዚህ አኳኋን አብሮ ተቀምጦ ማየት የፊልሙ ፍጻሜ ቅጥያ ሆነ ማለት ይቻላል።

5. ከፊልሙ ወደ ይፋት

የጥያቄው ለውጥ ለአገር ውስጥ የታሪክ ንግግርም ይጠቅማል። ሸዋ ሮቢትን በያዘው የይፋት ምድር የመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት ይገዛ ነበር፤ ኖራና አስባሪን የመሳሰሉ የጥንት ሙስሊም ከተሞች የድንጋይ ፍርስራሾችም ዛሬ ድረስ አሉ። በ1332 ዐፄ ዐምደ ጽዮን ከሱልጣኔቱ ጋር ያደረገውን ጦርነት የሚያነብ ሰው «ያ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ የ«ሎስት» ተመልካች ጥያቄ ነው፤ በአሸናፊና በተሸናፊ ወገን ቆሞ ያለፈውን ደግሞ ለመዋጋትም ይገፋፋል። የ«ሳንኮፋ» ጥያቄ ሌላ ነው፦ ወደ ፍርስራሹ ሄዶ የተመለሰ ሰው ከማን አጠገብ ይቀመጣል?

6. መደምደሚያ

የጊዜ ጉዞ ሕግ ለ«ሎስት» እና ለ«ኪንድረድ» ፍጻሜ ተገቢ መመርመሪያ ነው፤ ሁለቱም ሥራዎች ጥያቄውን ራሳቸው ያነሣሉና። «ሳንኮፋ» ግን ያለፈውን ሊጠገን የሚችል ስሕተት አድርጎ አያቀርብም። ያለፈው እንዳለ ይኖራል፤ ክርክሩ የተረፈው ስለ ተመላሿ ነው። በኢትዮጵያውያን የፊልም ሥራዎች ላይ የሚደረጉ ቀጣይ ጥናቶችም የዘውግን ስም ከመለጠፋቸው በፊት ሥራው ራሱ የትኛውን ጥያቄ እንደሚጠይቅ ቢመረምሩ ይበጃል። በዚህ ረገድ ትዝታን የአተራረክ ስልቱ ያደረገው የዚሁ ባለሙያ ፊልም «ጤዛ» (2008) ለንጽጽር ተስማሚ መነሻ ነው።