ልጄ መኪና ላይ ያስመልሳታል

ጥያቄ፦ በዕረፍት ጊዜ ቤተሰቡ በሙሉ በመኪና አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ለመሄድ አስበናል። የሰባት ዓመት ልጄ ግን ገና ባኮ ሳንደርስ ያስመልሳታል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከነቀምቴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹልኝ ነገር በዚህ ዕድሜ የተለመደው የጉዞ ሕመም ይመስላል። ስልክ ላይ የተተከለ ዓይን «ቆመናል» ሲል የውስጥ ጆሮ «እየሄድን ነው» ይላል፤ አንጎል ሲምታታበት ሆድ ይታወካል። ስልክ የምታይ ከሆነ ይቀበሏትና ከፊት ያለውን ሩቁን መንገድ እንድታይ ያድርጉ፤ መስኮቱም ከፈት ይበል። ባዶ ሆድም ጥጋብም አይስማማትም፤ ዳቦ ይበቃታል። ቅቤ የጠገበው ጨጨብሳ፣ ቢያሳዝንም፣ ይቆያት። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ብቻ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ አድራችሁ ቀጥሉ። የማስመለስ መከላከያ ክኒን በግምት አይስጧት፤ መጠኑን ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይወስን።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ወባ ነው። ፓርኩ ያለው ቆላ ውስጥ ስለሆነ አጎበር ይያዙ፣ ሲመሽ እጅጌ ረጅም ልብስ ያልብሷት። ከተመለሳችሁ ሳምንታት በኋላም ቢሆን ትኩሳት ከያዛት በዚያው ቀን ደሟን ያስመርምሩ፤ አዋሽ መሄዳችሁንም ለሐኪሙ ይንገሩት። ከመኪና ከወረደች በኋላ ማስመለሱ ካልቆመ፣ ከባድ ራስ ምታት ካለባት ወይም ሽንቷ ከቀነሰ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።