በአንድ መኪና ሁለት ባትሪ

ይህ ትምህርት ስለ ሃይብሪድ መኪና ከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው በአሜሪካ ከ2004 እስከ 2009 ሞዴል ሆኖ የተሸጠውን ቶዮታ ፕሪየስ ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ለሚነዱ ወገኖቻችን እንግዳ አይደለም።

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። ሃይብሪድ የምንለው የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አብረው የሚያንቀሳቅሱትን መኪና ነው። ቮልት ኮረንቲ የሚገፋበት ኃይል መለኪያ ሲሆን፣ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ በባትሪው ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት መለኪያ ነው። በቧንቧ የሚወርድ ውሃ ግፊቱ ስለበረታ ብቻ ታንከሩ ትልቅ ነው አይባልም። የፕሪየሱ ባትሪም ግፊቱ 201.6 ቮልት ነው፤ የሚይዘው ግን 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ ሩቅ የማይሄደው ስለዚህ ነው።

201.6 ከየት መጣ? የባትሪው ትንሿ ክፍል ሴል ትባላለች። እዚህ መኪና ላይ ያለችው የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሴል 1.2 ቮልት ትሰጣለች። 6 ሴሎች አንድ ላይ ሲታሸጉ 7.2 ቮልት ያለው ሞጁል ይሆናሉ፤ 28 ሞጁሎች በተከታታይ ሲያያዙ 201.6 ይሞላል። በተከታታይ መያያዝ ማለት አንዱ ኮረንቲ በሁሉም ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ ከ168ቱ ሴሎች ጥቂቶቹ ሲደክሙ ሌሎቹ ደህና ቢሆኑም ሥራው ይሰናከላል። ኮምፒውተሩ ሞጁሎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ቮልታቸውን ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ ሲሰፋ የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል። እንግዲህ «ባትሪው ሞተ» ሲባል ብዙ ጊዜ የጠፋው በሴሎቹ መካከል የነበረው እኩልነት ነው። የደከመውን ሞጁል ብቻ ቀይሮ ጊዜ መግዛት ይቻላል። ሆኖም አዲሱ ካረጁት ጋር ስለማይመጣጠን፣ ይህን ዘላቂ ጥገና ብዬ አላስተምርም።

እስካሁን ያየነው የባትሪውን አሠራር ነው፤ አሁን ወደ አሞላሉ እንለፍ። ይህ መኪና ከቤት ሶኬት አይሞላም። ፍሬን ሲያዝ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ ሲያስፈልግም የቤንዚኑ ሞተር ያግዘዋል። ኮምፒውተሩ ክምችቱን በ40 እና በ80 በመቶ መካከል ለማቆየት ይጥራል፤ ሴል ዕድሜው የሚያጥረው ጥግ ድረስ ሲሞላና ጥግ ድረስ ሲራገፍ ነውና። ስለዚህ በዳሽቦርዱ ላይ የክምችቱ ምልክት ዝቅ ቢል ባትሪው ባዶ ሆነ ብላችሁ አትስጉ።

ሁለተኛው ባትሪ የተለመደው ባለ 12 ቮልት ነው። ኮምፒውተሮቹን የሚቀሰቅሰውና ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙትን ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች) የሚያበራው እርሱ ነው። ትንሹ ከደከመ፣ ትልቁ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መኪናው አይነሳም። አንዳንድ ሰው ይህን ባለመለየት ትልቁን ባትሪ ለመቀየር ይዋዋላል። መኪናው አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚለካው ባለ 12 ቮልቱ ነው።

ትልቁን ባትሪ አብዝቶ የሚጎዳው ሙቀት ነው። ከኋላ ወንበር ጎን ፍርግርግ ያለው የአየር መግቢያ አለ፤ ማራገቢያው አየር የሚስበው በዚያ ነው። ቦርሳ ወይም ጃኬት ተጥሎበት ሲታፈን፣ አቧራና የውሻ ፀጉርም ሲሞላው ባትሪው ይግላል። ፍርግርጉን ማጽዳት ለማንም አይከብድም፤ የባትሪውን ሽፋን መክፈት ግን ሌላ ነው።

ብርቱካናማ ኬብሎች የከፍተኛ ቮልቴጅ ምልክት ናቸው። መኪናው ሲጠፋ ሪሌዎቹ ባትሪውን ከኬብሎቹ ይለያሉ፤ ባትሪው ራሱ ግን ቮልቱን እንደያዘ ይቆያል። ባትሪው ላይ ለጥገና የተሠራው መሰኪያ ሲነቀል እንኳ የሚቋረጠው የሞጁሎቹ ሰንሰለት መሐል ላይ ነው፤ ሞጁሎቹ ባዶ አይሆኑም። የባትሪውን ኮረንቲ ለኤሌክትሪክ ሞተሩ በሚቀይረው ኢንቨርተር ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮችም (ኮረንቲ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) እስኪራገፉ ቢያንስ 10 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ ኮረንቲ ይገድላል፤ እባካችሁ፣ ያልሠለጠነና ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠራ ጓንት ያላደረገ ሰው ሽፋኑን እንዲከፍት አትፍቀዱ።